በእጃችን ያፈረስነው ቤት

ኦክቶበር 11፣ 1945፣ ባንዱንግ

ዝናብ። ሌሊቱን ሲጥል አደረ፣ ጠዋትም አላባራም። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ግማሾቹ ቀሩ። የመጡትም እግራቸው ጭቃ፣ ልባቸው ሌላ ቦታ። እኔ ማባዛት አስተምራለሁ፣ እነሱ በመስኮት ወደ መንገዱ ያያሉ። ምን ብዬ ልቆጣ? እኔስ የማየው ወደ መንገዱ አይደል?

ስመለስ ልጄ ኢዮህ እንደ ልማዷ ጎረቤት ነበረች፣ እትዬ ጊዮክ ዘንድ። የአኩሪ አተር ወተት ጠጥታ አፏ ዙሪያውን ነጭ ሆኗል። ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከኛ ቤት የእትዬ ጊዮክን ቤት ትመርጣለች። ምን ይለያቸዋል? አንድ ግድግዳ ነው የምንጋራው። እትዬ ጊዮክ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን አይብ ለሰፈሩ ሁሉ ትሸጣለች። ጎህ ሳይቀድ ወፍጮዋ ሲጀምር አልጋችን ይንቀጠቀጣል። ባሌ ኦማን "ለኛ ሰዓት መግዛት ብክነት ነው" ይላል።

ዛሬ ከባቡር ጣቢያው አምሽቶ ገባ። ነገ የእንግሊዝ ወታደሮች ይደርሳሉ አለ።

"ጃፓኖቹን ትጥቅ ሊያስፈቱ ነው አሉ።"

"ከዚያስ?"

 የመለሱልኝ አባቱ ናቸው፣ አባህ ሳስትራ፣ መጋዛቸውን እየሞረዱ። "ከዚያማ የድሮ ጌቶቻችን ሆላንዶቹ ከኋላ ፉርጎ ይወርዳሉ።"

ነጻ ነን ካልን ገና ሁለት ወር አልሞላም።

ኦክቶበር 13

አየኋቸው። ረጃጅሞች፣ ጥምጥም ያሰሩ። ሕንዶች ናቸው አሉ። "እነሱንም የሚገዛቸው ያው እንግሊዝ" አለ ኦማን፣ "እኛን ሊያስገዙ መጡ።" አንዱ ለኢዮህ ብስኩት ሰጣት። ልነጥቃት እጄን ሰደድኩ... ከዚያ ተውኩት። እሱም ልጅ ሳይኖረው አይቀርም።

ኖቬምበር 28

ትእዛዝ። ከባቡር ሐዲዱ በስተሰሜን ያለ የኛ ሰው ሁሉ እስከ ነገ ቀትር ወደ ደቡብ ይሻገር ተባለ። ከተማችን ለሁለት ተከፈለች፣ ወዲያ የነሱ፣ ወዲህ የኛ። ቀኑን ሙሉ ሰው ፍራሽና ድስት ተሸክሞ በራችን ላይ ሲያልፍ ዋለ። ሳሎናችን የማላውቃቸው ሰዎች ተኝተዋል። አንዷ ሴትዮ እስካሁን የቤቷን ቁልፍ ከእጇ አልጣለችም።

ኦማን የባቡር ሥራውን ትቷል። የሰፈሩ ተዋጊዎች አለቃ አድርገውታል። ኮቱ ከጃፓን ወታደር የተገፈፈ፣ ሱሪው የራሱ፣ ጠመንጃው ለሦስት ሰው አንድ። ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ። ከዚያ ሁለታችንም ተውነው።

ዲሴምበር 9

የእትዬ ጊዮክ መስኮት በድንጋይ ተሰበረ። ለሰሜኖቹ አይብ ትሸጣለች ተብሎ። ቻይና ናት፣ ሰላይ ናት ተብሎ። እዚሁ ሰፈር ነው የተወለደችው! ባሏንም የቀበረችው እዚሁ ነው።

ኦማን ምክትሉን ዳዳንግን ይዞ ሄደ፣ ወርዋሪዎቹ የሱ ሰዎች ነበሩና ይቅርታ ሊያስጠይቀው። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ።

"እትዬ፣ ለነሱ ትሸጫለሽ የሚሉት እውነት ነው?" አላት ዳዳንግ። ይቅርታ ጠያቂው ሰውዬ!

"ለነሱም እሸጣለሁ፣ ላንተም ሸጫለሁ። ሐሙስ የወሰድከውን መቼ ነው የምትከፍለኝ?"

ኦማን ሳቁን ሊውጥ ጣሪያ ጣሪያ አየ። ዳዳንግ ግን አልሳቀም። ሲወጣ ዓይኑ አላማረኝም።

ፌብሩዋሪ 2፣ 1946

ዛሬም መድፍ። ኢዮህ "ነጎድጓድ ነው?" አለች። አዎ አልኳት።

ማርች 23

ከአውሮፕላን ወረቀት ተበተነ። የታጠቀ ሁሉ እስከ ነገ እኩለ ሌሊት ከደቡቡም ይውጣ፣ ከከተማው ይራቅ። አለዚያ...

ኦማን የመጣው አመሻሽ ላይ ነው። ቁጭ አላለም።

"እንወጣለን" አለ። "ሕዝቡም። ሁሉም።"

"ቤቱስ?"

አባህ ፊታቸውን አላዞሩም፣ ግን ማኘካቸውን አቆሙ።

"ምንም አንተውላቸውም። አንድም ጣሪያ። ሁሉም የራሱን ያቃጥላል፤ ያልቻለውን እኛ እናቃጥልለታለን። የዚህ ሰፈር ኃላፊ እኔ ነኝ።"

ይህን ቤት አባህ ብቻቸውን ነው የሠሩት። የሰው በርና መስኮት እየሠሩ፣ የተረፈችውን ቲክ እንጨት እየለቀሙ፣ ዓመት በዓመት ላይ። ኦማን የተወለደው ገና ግማሹ ጣሪያ ሳይኖረው ነው አሉ። አሁን ምን ይሉ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ። "መሣሪያዬን ልሸክፍ" ብቻ አሉ።

እትዬ ጊዮክስ? ለማን ልንገር ይህን? ግድግዳችን አንድ ነው። በላያችን በኩል እስከ ጎረቤታችን ሐጂና ሚስታቸው ቤት ድረስ የሙዝ ግቢ አለ፣ እሳት አይሻገረውም። በሷ በኩል ግን... የኛ ከነደደ የሷም ይነዳል። እናቷ ደግሞ ግማሽ አካላቸው ከሞተ ወዲህ ከአልጋ ወርደው አያውቁም።

ማርች 26፣ ማጃላያ

ደርሰናል። የማናውቀው ሰው የሩዝ ጎተራ ሥር ነን። ኢዮህ ተኝታለች። እጄ አብጧል፣ ብዕሩን በቅጡ አይዝልኝም። ቢሆንም ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ ራሴም የማምነው አይመስለኝም።

የመውጫችን ቀን ጠዋት እትዬ ጊዮክ እንደ ወትሮው ፈጨች። ሰው ሁሉ እየሸከፈ እሷ ትፈጫለች! ሄድኩባት።

"አትወጪም እንዴ?"

"ከሰሜን መኪና ይመጣል ብለውኛል። ለኛ ለቻይኖቹ። እናቴን ያነሱልኛል።"

ቀትር ሆነ። መኪና የለም። ከሰዓት በኋላም የለም። ኦማንና አባህ በር ነቅለው እናቷን ሊያወጡ ገቡ። በሩ ላይ ሲያስተኟቸው አሮጊቷ ጮኹ፣ ከዚያ ትንፋሽ አጠራቸው፣ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆነ። እትዬ ጊዮክ "መልሷቸው!" አለች። መለሷቸው።

"መንገድ ላይ ይሞታሉ" አለች። "እሺ አይሙቱ እንበል። እኔን መንገድ ላይ ማን ያምነኛል፣ ኦማን? ሰላይ ናት ብለው ቢያስቆሙኝ አንተ አጠገቤ ትኖራለህ?"

ኦማን የነቀሉትን በር ግድግዳው ላይ አስደገፈ።  ያለፈው ወር ከወንዙ ማዶ በቻይኖቹ ላይ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል።

ሊመሽ ሲል የመጀመሪያው ፍንዳታ ተሰማ። ከዚያ በደቡብ በኩል ጭስ፣ ከዚያ በምዕራብ። ከዚያማ በየት በኩል እንደሌለ ንገሩኝ። ሰው ቤቱን እያቃጠለ ነው የሚወጣው። ማንም አልጮኸም። እሱ ነው ያስፈራኝ። የሚሰማው የቀርከሃ መፈንዳት ብቻ ነው፣ ጠሽ ጠሽ እያለ፣ እንደ ጥይት።

ኦማን ሰፈሩን ጨርሶ መጣ። ፊቱ ጥቁር፣ ቅንድቡ ተለብልቧል። በአንድ እጁ ላምባ፣ በሌላው ችቦ። እኔና አባህ ዕቃውን ደጅ አውጥተን እየጠበቅን ነው። እትዬ ጊዮክ በሯ ላይ ቆማለች። ኦማን እሷን ላለማየት እኔን አየኝ።

"ዞር በሉ።"

"ኦማን፣ ሰው አለ።"

"ዞር በይ አልኩሽ! የሰው ሁሉ ቤት በእጄ አቃጥያለሁ። የሐጂ ሚስት እጄን ይዛ 'በደንብ ይንደድ፣ ልጄ' ብላኛለች። የማንን ልተው? የራሴን? ነገ ምን ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ?"

"የሷንስ እናት? የሳቸውን ዓይን ምን ብለህ ልታይ ነው?"

መታኝ ብዬ ነበር። አልመታኝም።  ዳዳንግ ከመንገዱ ጫፍ "አለቃ! ቶሎ በል! ድልድዩ ሊፈርስ ነው!" እያለ ይጮሃል።

ያኔ ከቤት ውስጥ ቷ የሚል ድምፅ ሰማን። እንደገና ቷ።

አባህ የሉም። ገባሁ። መጥረቢያቸውን ይዘው መካከለኛውን ምሰሶ እየፈለጡ ነው።

"አባህ! ምን እየሆኑ ነው?"

"ወታደር እንዳይተኛበት ነው አይደል ያሉት?" ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። "ለወታደር መኝታ እንዳይሆን ማቃጠል ብቻ ነው እንዴ ያለው? ገመዱን አምጪ።"

ቷ። እንጨቱ አልበገር አለ። ቆም ብለው በመዳፋቸው ዳሰሱትና ሰደቡት። "ምነው እንዲህ አጥብቄ ሠራሁህ፣ አንተ ርጉም!"

ኦማን በሩ ላይ ቆሞ አባቱን አየ። ችቦውን ቦዩ ውስጥ ወረወረው። ሌላ መጥረቢያ አነሣ።

እኔ ገመድ አሰርኩ። ኦማን ምሰሶዎቹን በየተራ ቆረጠ፣ አባህ ማገሩን አላቀቁ። ጎትቱ ሲሉን የጎተትነው እኔና... ከኋላዬ ማን እንደያዘ ያየሁት ገመዱ ሲከብደኝ ነው። እትዬ ጊዮክ። ዕድሜ ልኳን ወፍጮ ያዞረች ክንድ! ሰውነቷ ከኔ ያንሳል፣ ጉልበቷ ግን የኦማንን ያህላል። አንዴ ጎተትን፣ ምንም። ሁለተኛ... ጣሪያው አቃሰተ፣ አዘነበለ፣ ከዚያ እንዳለ ተቀመጠ። የሸክላው አቧራ ሁላችንንም አለበሰን። ኢዮህ ዕቃው ላይ ሆና ታለቅሳለች። ማንም አላባበላትም።

የወደቀውን ማገር እሳት እንዳያነሣው ወደ ቦዩ ጣልን። ብልጭታው ከላይ ይዘንባል። እትዬ ጊዮክ የአኩሪ አተር መዘፍዘፊያዋን በርሜሎች እያወጣች ግድግዳዋ ላይ ደፋች፣ በሩ ላይ ደፋች፣ ጣሪያው ላይ በባልዲ ወረወረች። ሰፈሩ ሁሉ የተቃጠለ እንጨትና የተቀቀለ አኩሪ አተር ሸተተ።

ስንለያይ በሙዝ ቅጠል የጠቀለለችውን አይብ እጄ ላይ አኖረች። "ጨው በዝቶበታል። መንገድ ላይ እንዳይበላሽባችሁ ብዬ ነው።" ላቅፋት ፈለግሁ። በአቧራ ነጭ ሆና ቆማ... አላቀፍኳትም። ለምን አላቀፍኳትም?

ድልድዩን ካለፍን በኋላ ዞርኩ። ከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ነው። በመንገዱ የሚሄደው ሰው ማለቂያ የለውም፤ ፊታቸው በእሳቱ ብርሃን አንድ በአንድ ይታያል። አባህ አልዞሩም።

ማርች 30

ዳዳንግ ተናግሯል። ሌላው መስመር ሁሉ አመድ ሆኖ የኦማን መስመር ላይ አንድ ጣሪያ ቆሟል፣ የቻይናይቱ፣ ብሎ። አዛዡ ኦማንን አስጠራው።

"ምን አልከው?"

"ሰው ነበረበት አልኩት።"

"እሱስ?"

"ሌላውስ ሰፈር ሰው አልነበረበትም ወይ አለኝ።"

ከአለቅነቱ አንሥተውታል። አለቃው አሁን ዳዳንግ ነው። ኦማን ምንም እንዳልመሰለው ሆኖ ሩዝ በላ። ከዚያ የጃፓኑን ኮት አውልቆ አጣጠፈው።

ኦገስት 5

ልጆች ሰብስቤ ዛፍ ሥር ማስተማር ጀመርኩ። ጠመኔ የለም፤ በከሰል እንጽፋለን።

ጁላይ 24፣ 1947

ሆላንዶቹ በዚህ ዓመት የተፈረመውን የስምምነት መስመር ጥሰው ወጡ። ታንክ ነው፣ አውሮፕላን ነው... ከማጃላያም ልንሸሽ ነው፣ ወደ ተራራው።

ኦማንን ወደ ከተማው ሊልኩት ነው፣ ከሁለት ሰዎች ጋር። የሐዲዱንና የጥይት መጋዘኖቹን ጥበቃ እንዲያይ። ከሱ የተሻለ ሐዲዱን የሚያውቅ የለም። የመረጠው ዳዳንግ ነው።

"ሊያስገድልህ ነው" አልኩት።

"አይደለም። ሲመርጠኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው። ዳዳንግ ክፉ ሰው አይደለም፣ ኤቲ። ቤቱን ያቃጠለ ሰው ነው።"

ኢዮህን ተኝታ ሳለች ሳማት። አባህ እስከ መታጠፊያው ሸኙት። 

ኦክቶበር 2

ዳዳንግ ራሱ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። የከተማው ዳር ላይ ተኩስ ገጠማቸው፤ ሁለቱ ሰዎች ተመለሱ፣ ኦማን አልተመለሰም። ሬሳ ያየ የለም። ሲማረክ ያየ የለም።

"ታዲያ ምን ልበል?" አልኩት። "ሞተ ልበል ወይስ ይመጣል ልበል?"

"አላውቅም፣ እትዬ ኤቲ።"

አባህ ተቀመጥ አሉት። አልተቀመጠም።

ሜይ 19፣ 1948

ኢዮህ "አባቴ ረጅም ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። መካከለኛ ነው አልኳት። ነው ወይስ ነበር? ምሽቱን ሙሉ እሱን ሳስብ...

ዲሴምበር 28፣ 1949

ትናንት ፈረሙ። ሆላንዶቹ ይወጣሉ። እውነት ነው፣ ሬድዮ ተናግሯል። ሰው ሲጨፍር አመሸ። አባህ ከመካከል ገብተው ሁለቴ ዘለሉና እግራቸውን ይዘው ወጡ። ሳቅን። ብዙ ጊዜ ሆኖናል።

በኋላ "እንግዲህ ወደ ቤት" አሉ።

የትኛው ቤት?

ጃንዋሪ 15፣ 1950፣ ባንዱንግ

ሰፈሩን አላወቅሁትም። ባዶ ቦታ፣ አረም፣ እዚህም እዚያም የጠቆረ መሠረት። በመካከሉ አንድ ጣሪያ። ከጭስ ማውጫው ጭስ ይወጣል።

በኛ ቦታ ላይ ካሳቫ ተተክሏል፣ ከትከሻዬ በላይ። በመካከሉ አቋርጬ ወደ በሯ ስሄድ እትዬ ጊዮክ ወጣች። ፀጉሯ ሸብቷል። መጀመሪያ አላወቀችኝም። ከዚያ "በዚያ አትምጪ! በዚያኛው ዙሪ!" ብላ ጮኸች። ደነገጥኩ። የተቆጣችኝ መስሎኝ ነበር፣ ሰብሏን ስለረገጥኩ።

አስገባችን። እናቷ እኛ በሄድን በወሩ ሞተዋል። ለኢዮህ ወተት ሰጠቻት፣ ለአባህ ሻይ። እጇ አያርፍም፤ ኩባያ ታነሣለች፣ ታስቀምጣለች።

"ማንም አልነገራችሁም?" አለች።

"ምኑን?"

ኢዮህን ወደ ጓሮ ላከቻት።

"አንድ ማለዳ ወፍጮውን ልጀምር ስወጣ ከበርሜሎቹ ኋላ ኦማን ተቀምጧል። ሆዱን ይዞ። 'እትዬ፣ አይብ አለ?' አለኝ። ያ ሞኝ! ደሙ እስከ ጫማው ወርዷል። የእናቴ አልጋ ላይ አስተኛሁት። ሐኪም ልጥራ? ማንን? ወታደሮቹ በየቀኑ በፊት በር እየመጡ አይብ ይገዙኛል፣ እሱ ከመጋረጃው ኋላ ጨርቅ ነክሶ ይተኛል። አንድ ቀን አንዱ ወታደር 'ምን ይሸታል?' አለኝ። አኩሪ አተር ነው፣ ከርሞ ነው አልኩት።"

አባህ ኩባያውን እንደያዙ ናቸው። ሻዩ እየፈሰሰባቸው አልተሰማቸውም።

"ምን ይል ነበር?" አልኳት። 

"ስለ ባቡር ያወራል። ስላንቺ ያወራል። ሲያተኩሰው ገመዱን ጎትቱ ይላል። መጨረሻ ላይ ነቃ ብሎ ሳቀ። 'ያን ቤት እንኳን አፈረስነው፣ አሁን የምትቀብሪኝ የት ነበር?' አለኝ። ከሳምንት አላለፈም።"

ጨለማ ለብሳ ብቻዋን ቆፍራለች። ወጥ ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ። አፈሩ ትኩስ ሆኖ እንዳይጠይቋት በላዩ ካሳቫ ተከለች፤ የሱ ብቻ እንዳይለይ ግቢውን ሁሉ ሞላችው። ወደኛ ሰው እንዳትልክ ማንን ታምናለች? እኛስ የት እንደነበርን ማን ያውቃል?

"የናንተን ጸሎት አላውቀውም" አለች። አሁን ነው እንባዋ የመጣው። "በቀኝ ጎኑ አስተኝቼ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዞርኩት። መስጊድ ስትሰግዱ ሳያችሁ ወደዚያ ስለሆነ... ትክክል ነው? አጥፍቼ እንደሆነ ንገሪኝ።"

"ትክክል ነው" አልኳት።

የዚያን ጊዜ ያላቀፍኳትን አሁን አቀፍኳት። አባህ ብቻቸውን ወጡ። ካሳቫውን ዞረው ሄዱ።

ጃንዋሪ 22

ዛሬ ለኦማን ጸሎት አደረግን። የተመለሱት የሰፈሩ ሰዎች ሁሉ መጡ፣ ሐጂና ሚስታቸው፣ የሐዲዱ ጓደኞቹ። ዳዳንግም መጣ። አንድ እጁ የለም፤ አላወቅሁም ነበር። መቃብሩ ጋ ብዙ ቆመ። አባህ ሲያዩት "ና" ብቻ አሉት፣ አጠገባቸው አቆሙት።

ካሳቫውን ነቅለናል። ኢዮህ ሥሩን ስትሰበስብ "አባቴ እዚህ ጋ ነው?" አለች። አዎ አልኳት። እጇን አፈሩ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ መልቀም ቀጠለች። እንዴት እነግራታለሁ ብዬ ስንት ሌሊት ነው የተጨነቅሁት!

ከቀትር በኋላ ዝናቡ መጣ። በሰፈሩ ሌላ ጣሪያ የለም። ሁሉም እትዬ ጊዮክ ቤት ገባ። ምንጣፍ ላይ ተጠጋግተው፣ ወንዶቹ በግድግዳው በኩል፣ ሴቶቹ በወፍጮው በኩል ተቀምጠው ቁርኣን ማንበብ ጀመሩ። እሷ ሻይ አድላ ስትጨርስ ሳህኑን ይዛ የማድቤቱ በር ላይ ቀረች። ልትገባ ነው፣ ልትወጣ ነው... ዓይኗ እኔን ፈለገ።

"የት ልቀመጥ?" አለችኝ በሹክሹክታ። በገዛ ቤቷ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት የሐጂ ሚስት ሳህኑን ተቀበለቻት። እኔም ጠጋ አልኩላት፣ መሃል ላይ ባለው የሟች ቤተሰብ መቀመጫ፣ በኔና በአባህ መካከል።